ጃፈር ያልጠየቀው ጥያቄ

ጃፈርን ኢስትሊ ውስጥ የማያውቀው ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ብቻ ነበር። በአንደኛ ጎዳና፣ ከእኔ መጋረጃ ቤት ትይዩ፣ ወርዷ ከአንድ በር የማይበልጥ የሴቶች ጫማ መሸጫ ነበረችው። ሌላው ነጋዴ በርጩማው ላይ ተደላድሎ «ያውልሽ፣ ለኪው» ሲል፣ እሱ ግን ደንበኛዋ እግር ሥር በርከክ ብሎ ጫማውን በእጁ ያጠልቅላት ነበር። አሮጊቶቹ ራሱን እየዳሰሱ ይመርቁታል። ቆነጃጅቱ ያፍራሉ፣ እሱ ደግሞ ከእነሱ ብሶ ያፍራል፤ አንገቱን ሰብሮ ከጫማው ሌላ የሚያየው ነገር የለም። እኔ ከማዶ ሆኜ «ጃፈር፣ ቀና ብለህ ፊቷንም እይ እንጂ፤ ነገ እግሯን ብቻ ልታገባ ነው?» እያልኩ መንደሩን አስቅበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

ስሜ ኑሬ ነው። ደሴ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ መጋረጃ ነጋዴ ብሆንም ሰፈሩ ዛሬም «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሆስፒታል፣ ኢሚግሬሽን፣ ትምህርት ቤት፣ ቋንቋ ያጠረው ሁሉ እኔን ይዞ ይሄዳል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰው አፍ አፌን ሲያይ የምወፍር ሰው ነኝ። ሁለት አመል ደግሞ አለብኝ። ቀልድ ከመጣልኝ ምላሴን መያዝ አልችልም፤ የማላውቀውን ነገር አላውቅም ማለትም ይከብደኛል። እናቴ «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ትለኝ ነበር፤ እኔ በተረቱም እስቅ ነበር።

ጃፈር እህቱን ሰዲቃን ከሞያሌ ያመጣት ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። አባትና እናታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ጎረቤቱ «ለዘመድ ስጣት፣ ወንደላጤ ሴት ልጅ አያሳድግም» ሲለው፣ እሺም እንቢም ሳይል አንጠልጥሏት መጣ። ሹሩባ መሥራት ከጎረቤት ሴቶች ተማረ፤ የመጀመሪያው ሰሞን ልጅቷ ራሷ የተተረተረ ገመድ መስሎ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚባለው ግማሹ ባይገባውም እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ይሰማል። እሷ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ስትምዘገዘግ እሱ የገበያ ስዋሂሊ ላይ ቆሞ ቀረ። የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ የመጋረጃ ጥቅል ላይ በደረቷ ተኝታ ነበር። አንዳንዴ እኔ አስረዳታለሁ፤ ብዙ ጊዜ እሷ ታርመኛለች።

በፈረንጆቹ 2005፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ፣ ድዷ መድማት ጀመረ። ማንም ሳይነካት ክንዷና ጭኗ ላይ ሰማያዊ ሰንበር ይወጣል፣ ትኩሳቱም አልለቃት አለ። ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር አንዲት የደም ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ዶክተሯ ዘሯ ሕንድ፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ውጤቱን አይታ አጣዳፊ የደም ካንሰር ነው አለች፤ ሉኪሚያ። ያንን ቃል ለጃፈር ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። እዚያው ቆመን ለሰዲቃ እንዳይነገር ተስማማን፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። «የደም ማነስ ነው» አልናት። ዶክተሯ፣ ልጅቷ ነፍስ ያወቀች ናት፣ መስማት አለባት ብላ ብትከራከር ጃፈር አሻፈረኝ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰዲቃ ሱቄ መጥታ፣ ሳይበር ካፌ ገብታ የመድኃኒቶቿን ስም አንድ በአንድ ፈልጋ እንዳነበበች ነገረችኝ። «ቲቸር፣ አይ ኖው» አለችኝ፤ «ለጃፈር ግን እንዳትነግረው። ማወቄን ካወቀ ያለቅሳል።» እንዲህ ሆነን ከረምን። እሱ ከእሷ ይደብቃል፣ እሷ ከእሱ ትደብቃለች፣ እኔ የሁለቱንም ምስጢር ይዤ በመሀል እስቃለሁ።

መድኃኒቱ ፀጉሯንም በሽታውንም ወሰደ። ስምንት ወር ያህል ደህና ከረመችና ተመለሰባት። ዶክተሯ በዚህኛው ጊዜ በመድኃኒት ብቻ አንተወውም አለች። በሽታው እንደገና ጋብ ሲል የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ይደረግላት፤ ይህ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ስለማይሠራ ሕንድ አገር መሄድ አለባችሁ አለችን። ጃፈር ደሙን ሰጠ፤ ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሙሉ ለሙሉ ገጠመ። የአንድ እናትና አባት ልጆች እንኳ እንዲህ የሚገጥሙት ከአራት አንድ ጊዜ ነው አለችን። ጃፈር የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ሱጁድ ወረደ። ለጉዞው መስጊዱም አዋጣ፣ የኦርቶዶክሶቹ ማኅበርም አዋጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጃፈር የታጨ ሰው ነበር። እጮኛው ዛራ የሀጂ ከሊፋ አንድ ልጅ ናት። ሀጂ ከሊፋ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ከብትም ጨርቅም የነገዱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አላህ ከዛራ ሌላ ልጅ አልሰጣቸውም። ለሽምግልና ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። መህሩን አላበዙበትም። «ገንዘብ አልጠይቅህም» አሉት፤ «የልጅ ልጅ ሳላቅፍ እንዳልሞት ብቻ አድርግልኝ።» ጃፈር እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ። ኒካሁ ሰዲቃ ስትድን ይሁን ተባለ።

አንድ ማክሰኞ ዶክተሯ ለጋሹን ላነጋግረው ብላ ጠራችን። ሰዲቃም አብራን መጥታ ነበር። ዶክተሯ እሷም ትግባ ስትል ጃፈር «አንቺ እዚህ ጠብቂ» ብሎ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጣትና በሩን ዘጋ። እኔ በሁለቱ መሀል ተቀመጥኩ።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችን። ደም የሚሠራው ሕዋስ፣ ስቴም ሴል የሚሉት፣ ከሦስት ቦታ ይገኛል። አንደኛው የአጥንት መቅኔ ነው፤ ለጋሹ ሰመመን ተሰጥቶት ተኝቶ፣ ከኋላ ከዳሌው አጥንት በመርፌ ይቀዳል፤ ሳምንት ያህል ያመውና ይተወዋል። ሁለተኛው ደም ነው፤ ለጋሹ አምስት ቀን መርፌ ሲወጋ ሕዋሱ ከመቅኔው ወጥቶ ወደ ደም ሥር ይጎርፋል፤ ያን ጊዜ ከክንዱ ደሙን እየሳበ ማሽን ይለየዋል። ሦስተኛው ከአራስ ልጅ እትብት የሚወሰድ ደም ነው። እሱ ከባንክ ተፈልጎ የሚመጣ፣ መጠኑ ጥቂት፣ ለመያዝም የሚዘገይ ስለሆነ፣ የገጠመ ወንድም እያለ ለምን እንለፋለን አለች። ምርጫው እንግዲህ በመቅኔውና በደሙ መካከል ሆነ።

የሷን ንግግር ወደ ሰፈር አማርኛ መለስኩት። ናይሮቢ የበር ዘበኛ አስካሪ ነው የሚባለው፤ አስካሪ የሌለበት ግቢ ደግሞ የለም። «ከደም ሲሰበሰብ ቶሎ ይይዛል፣ ይህ ጥሩ ነው» አልኩት፤ «ግን ብዙ አስካሪ፣ በሽታ የሚዋጋው ያንተ ሕዋስ፣ አብሮ ይመጣል። አስካሪው ለቤቱ አዲስ ነው፣ ባለቤቷን አያውቃትም፤ ሌባ መስላው ይደበድባታል። ቆዳዋን፣ ዓይኗን፣ አፏን፣ ጉበቷን፤ ምናልባትም ለዓመታት። ከመቅኔ ሲቀዳ ይህ ያንሳል።» ጃፈር ወዲያው ገባው። ዶክተሯ ቀጥላ፣ ለአዋቂዎች ሐኪሞቹ ገና የሚከራከሩበት ነገር ነው፣ ሃያ ዓመት ላልሞላቸው ግን በቅርብ የወጡ ጥናቶች መቅኔው እንደሚሻል ያሳያሉ፣ ምክሬ መቅኔው ነው አለች። ሁለት ሣጥን ያለው ቅጽ ሰጠችን፤ ለጋሹ በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ በሳምንት ውስጥ ይመልስና ወደ ሕንድ ይላካል።

በመጨረሻ ጥያቄ እንዳለው ጠየቀች። ጃፈር እኔን አየኝ። አፉን ከፈተ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ዘጋው። የሚጠይቀው ነገር እንዳለው በደንብ አይቻለሁ። «የለኝም በላት» አለኝ። የለውም አልኳት።

ወደ ኢስትሊ ስንመለስ ሰዲቃ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፣ እኛ ከኋላ። ጃፈር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከኋላ፣ ከዳሌ ነው ያለችው? ወገብ ማለት ነው?» አለኝ። ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። በእኛ ዘንድ የወንድ ዘር ከወገቡ ነው ይባላል፤ ወገቡ የተጎዳ፣ መቅኔው የፈሰሰ ሰው አለቀለት ማለት ነው። ሰውየው የፈራው መርፌውን አልነበረም። ደህና ሰው ቢሆን «እሷኑ ደውለን እንጠይቃት» ይለው ነበር። እኔ ግን ቀልድ መጣልኝ። «እንግዲህ ሀጂ ከሊፋ የልጅ ልጅ ከሌላ ሱቅ ይፈልጉ» አልኩት። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ቀልዱ ስላማረኝ በማግስቱ ሱቅ ደጃፍ ሻይ ስንጠጣ ለሰዉ ደገምኩት። «ጃፈር ወገቡን ሊያስቀዳ ነው፤ ከእንግዲህ የሚወልደው ጫማ ብቻ ነው» አልኳቸው፤ አንዱማ ሻዩ ትን አለው። ሰዉ ሲበተን ጃፈር ብርጭቆ እየሰበሰበ ወደኋላ ቀረና፣ «ኑሬ፣ ቀልዱን ተወውና፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ማለት እችል ነበር። የዶክተሯ ቁጥር ሞባይሌ ውስጥ ነበር፣ ሞባይሌም ኪሴ ውስጥ። ግን እኔ ቲቸር ነኝ፣ አስተርጓሚው ነኝ፣ አላውቅም የሚባለው ለሌላ ሰው ነው። «ያው ወገብ ከተነካ ምን ይቀራል ብለህ ነው» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደንበኛ መጥታ ጠራችኝና ወደ መጋረጃዬ ሄድኩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

በአምስተኛው ቀን ቅጹን ይዞ መጣ። እንግሊዝኛው ስለማይገባው ደሙ ላይ ምልክት አድርግልኝ አለኝ፤ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ያን ጊዜም አልረፈደም ነበር። «ስቀልድ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» ብል ያልቅ ነበር። ግን እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ሞት ሆነብኝ። ምልክቱን ያደረግሁት በራሴ እስክሪብቶ ነው።

ዶክተሯ ቅጹን አይታ ግራ ገባት። ሕመሙን ፈርቶ ነው ወይስ ሰመመኑን ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ጃፈርን ጠየቅሁት። «ሕመሙን ፈርቼ ነው በላት» አለኝ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ሴት ፊት ከሚጠይቅ፣ ለገዛ እህቱ መርፌ የፈራ ፈሪ መባልን መረጠ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሉኝታ የያዘውስ ከየት ያገኛል? ዶክተሯ ቅጹን ፋይሉ ውስጥ ከታ፣ ገላው የራሱ ነው፣ መብቱ ነው፣ ደሙም ብዙ ሰው አድኗል አለች። ፊቷ ላይ ግን ቅር እንዳላት አይቻለሁ።

ጃፈር ለዛራም፣ ለሀጂም፣ ለሰፈሩም «ዶክተሯ ደሙ ይሻላል አለች» ብሎ አወራ። ሰዲቃ ሳይበር ካፌ ያነበበችው ሌላ ስለሆነባት እኔ ዘንድ መጣች። «እንደዚያ ነው ያለችው?» አለችኝ። አዎ፣ ላንቺ ሁኔታ የሚሻለው ደሙ ነው ብላለች አልኳት። «ሳዋ፣ እሺ» ብላ ሄደች። አላመነችኝም ቢሉኝ በወደድኩ፤ አምናኝ ነው የሄደችው።

ሕንድ አገር ሁለቱ ብቻ ሄዱ። እዚያ ሰዲቃ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች፤ በሽታዋን ማወቋም ያን ጊዜ ለጃፈር ይፋ ወጣ። እንዳለችውም አለቀሰ። የለጋሹ ቅጽ ግን የለጋሹ ምስጢር ተብሎ በፋይሉ የታሸገ ስለነበር ማንም አላነሳላትም። ጃፈር መርፌውን አምስት ቀን ተወጋ፣ አጥንቱ ሁሉ እየቆረጠመው፤ ከዚያ ሕዋሱን ከክንዱ ሰበሰቡ። ሕዋሱ ቶሎ ያዘ፣ ካንሰሩም ጠፋ። በ2007 አጋማሽ ሲመለሱ ኤርፖርት የኢስትሊ ግማሹ ወጥቶ ተቀበላቸው።

ጃፈር ጀግና ሆነ። ኢማሙ በጁምዓ ስሙን ጠርተው ለእህቱ ደሙን ያልሰሰተ ወንድም አሉት። እናቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ እንደ ጃፈር ሁኑ ይላሉ። ምስጋና በመጣ ቁጥር ይሸማቀቃል፣ ሰውም «አይ ትሕትና» ይለዋል። ትሕትና እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዛራን አገባ፤ በሰርጉም ላይ ስለ እሱ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አጨበጨቡልኝ።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ የሰዲቃ ዓይን ይደርቅ ጀመር። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፤ ስታለቅስ ፊቷ ያለቅሳል እንጂ እንባ የላትም። አፏ ውስጥ ቁስል ወጣ፣ በርበሬ የነካው ነገር አትቀምስም። የክንዷ ቆዳ ደረቀና ጣቶቿን ማጠፍ አቃታት፤ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዋን እስክሪብቶ መያዝ ስላልቻለች አቋረጠች። ዶክተሯ ያስጠነቀቀችው ይኸው ነበር። በ2008 መጀመሪያ፣ በምርጫው ሰበብ ከተማዋ ስትታመስና ማታቱ ሲጠፋ፣ ጃፈር መድኃኒቷን ለማምጣት ከኢስትሊ ፓርክላንድስ በእግሩ ይመላለስ ነበር። እባክህ ይቅርብህ፣ ይገድሉሃል ስለው አይሰማም። አንድ ቀን በድንጋይ ተፈንክቶ መጣ፤ ያን ቀን ቀለል ብሎት አየሁት።

ዶክተሯ አንድ ጊዜ ልታጽናናው ሞከረች። ይህ ችግር ከመቅኔም ቢሆን ሊመጣ ይችል ነበር፣ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር ብሎ መማል አይቻልም አለች። ቃል በቃል አስተረጎምኩለት፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነበር የማስተረጉመው። ጃፈር አዳምጦ «ያንስ ነበር ብላለች» አለኝ።

ዛራ ያረገዘችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ሀጂ ከሊፋ ለሰፈሩ ተምር አደሉ። በዚያው ሳምንት ጃፈር እኔን ሳይዝ፣ ብቻውን፣ ፓርክላንድስ ሄደ። ከሰዓት ሱቄ ገብቶ ሰዲቃ የቤት ሥራዋን ትሠራበት በነበረው ጥግ ተቀመጠ። «ጠየቅኋት» አለኝ። ምኑን አላልኩትም። በዚያች በገበያ ስዋሂሊው፣ ከዳሌው መቅኔ የሰጠ ሰው ልጅ መውለድ ያቅተዋል ወይ ብሎ ጠይቋታል።

«ሃፓና፣ አያቅተውም አለችኝ» አለ። «ፈጽሞ አይገናኝም አለችኝ። አልሳቀችብኝም። አንዲት ቃል ነበረች፣ ኑሬ።»

አሁን ይወቅሰኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ እፎይ ባልኩ፤ በጥፊ ቢለኝ ጉንጬን ባመቻቸሁለት። «አንተ ነህ ያልከኝ» የሚል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሮጊት ከማዶ የእሱ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ሲጣሩ ተነስቶ ሄደና እግራቸው ሥር በረከከ። ይቅርታ ልጠይቀው ተከትዬው ወጣሁ፤ መንገዱን ግማሽ ድረስ ተሻግሬ ተመለስኩ። ለአንድ ሰው እንኳ፣ ለአንድ ደግ ሰው እንኳ፣ አጥፍቻለሁ ለማለት ጉልበት አጣሁ። ያፈርኩትን ያህል ሰነፍኩ።

ሕፃኑ በ2009 ተወለደ፣ ወንድ። በሰባተኛው ቀን ሀጂ ከሊፋ ቤት አቂቃ ተደረገ። ሁለት በግ ታርዶ፣ ሳሎኑ ሞልቶ፣ ሀጂ ለዱዓ እጃቸውን አነሱና ጃፈርን ከሁሉ አስቀድመው መረቁት፤ እህቱን በደሙ ያተረፈ፣ እኔን በልጁ የካሰ አሉ። ሰዉ አሚን አለ። ጃፈር ከተቀመጠበት ተነሳና መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። «ና እስቲ» አለኝ። ተከተልኩት።

ሰዲቃ ጓዳ ነበረች። የሳሎኑ ጭስና ጫጫታ ዓይኗን ስለሚያስቸግራት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን በክንዷ ይዛለች፤ ጣቶቿ ስለማይታጠፉ በክንዷ ነው የምታቅፈው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጃፈር በሩን ዘግቶ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ በርከክ አለ።

«ሰዲቃ፣ ዶክተሯ ደሙ ይሻላል አላለችም» አላት። «መቅኔው ነው የሚሻለው ያለችው። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እሷ ሕፃኑን እያየች «ዓይኔ መድረቅ ሲጀምር ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ለምን?»

«ይሄ እንዳይቀርብኝ» አለ ወደ ሕፃኑ እያየ። «ከወገቤ ከቀዱ ልጅ አልወልድም ብዬ ፈራሁ። መጠየቅም አፈርኩ። አሁን ጠየቅኋት፤ አይገናኝም አለችኝ።»

«ሲሪየስሊ፣ ጃፈር?» አለች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። እንዲህ ተናዳ አይቻት አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ አለችው፤ ያን ቀን በሩ ባይዘጋብኝ እኔ እጠይቃት ነበር፣ እኔ አላፍርም ነበር። ሕፃኑ ተገላበጠ፣ እሷም እስኪረጋጋ እሹሩሩ አለችው፤ ቁጣዋም በዚያ መሀል ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አንተ ታውቅ ነበር አይደል አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። እኔ ሳልናገር ራሷ መልሱን ሰጠችልኝ፤ ጓደኛህ ነው፣ ምስጢሩን ጠብቀህለት ነው አለች። ለካ ነውርም ሰው ካከበረህ ታማኝነት ይባላል።

ቀጥላ ጃፈርን «ግን ማን ነው እንደዚህ ያለህ?» አለችው። «ከየት አመጣኸው?»

ወለሉን አየሁ። የማታቱው ሳቅ፣ ሻይ ትን ያለው ሰውዬ፣ እስክሪብቶዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረኝ። ጃፈር ቀደመኝ።

«ማንም አላለኝም» አላት። «ከራሴ ነው።»

«ለቲቸር ብትነግረው እኮ ይጠይቅልህ ነበር» አለችው። ንዴቷ አልፎ ሐዘን ብቻ ነበር ድምፅዋ ላይ የቀረው። «አይደል፣ ቲቸር? ትጠይቅለት አልነበር?»

ሁለቱም አዩኝ።

«እጠይቅለት ነበር» አልኩ።

ጃፈር ለአፍታ ዓይኔን አየኝና ወደ እህቱ ዞረ። «አየሽ» አላት፤ «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ሳሎን ውስጥ ምሳ ቀርቧል ተብሎ ስማችን ተጠራ፤ ሄጄ በላሁ።